የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) በተቀየረ በሳምንቱ የሚደፈነው ለምንድነው? (ሲኖ 371፣ ድሬዳዋ)

ደንገጎ_ዳገት፦
ሰላም የድሬ ልጆች። መኪናዋ ሲኖ 371 የጭነት መኪና ናት። ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገፋው ፖምፓዋ የድሮው ሜካኒካል ነው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ኮመን ሬል አይደለም። ሳልባትዮዋ (የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ) 400 ሊትር ይይዛል። ባዶዋን ወደ ደወሌ ስትወርድ ምንም አትልም። ጭና የደንገጎን ዳገት ስትይዝ ግን ጉልበት ታጣለች፤ ነዳጅ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ከ1,400 ዙር አታልፍም። ጭስ የላትም። 10 ደቂቃ ቆማ ስትነሳ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ደህና ትሄድና ያው ይደገማል። ሁለቱም ፊልትሮ ከተቀየረ ገና 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሁን ሲፈታ ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ይዟል። አንዱ መካኒክ ፖምፓው ይፈታ ይላል፣ ሌላው ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ነው ይላል። ናፍጣው ከማደያ ነው፣ ወረፋ ሲብስ ደግሞ ከጀሪካን ይቀዳል። ከየት ይጀመር?

ፖምፓ_ቤት፦
ፖምፓውን አታስፈታ፣ ገና ነው። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ለሞተሩ የሚደርሰው ናፍጣ አንሷል። የአየር ፊልትሮ ተደፍኖ ወይም የተርቦው (አየር ወደ ሞተር የሚገፋው) ቱቦ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጭስ ታይ ነበር፤ ኖዝል ሲያንጠባጥብም እንዲሁ።

አርፋ መዳኗ ደግሞ ወደ ሳልባትዮው ይጠቁማል። መምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ የተለጠፈ ነገር ሞተር ሲጠፋ የሚስበው ስለሌለ ይለቅና ይወድቃል፣ ስትነሳ ተመልሶ ይለጠፋል። የፌስታል ቁራጭ፣ የጨርቅ ብጣሽ፣ የጀሪካን ክዳን ላስቲክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሁለት ነገር ሞክር። ጉልበት ባጣችበት ቦታ አቁመህ የሳልባትዮውን ክዳን ክፈት። አየር "ፍሽ" ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፣ ወጪህ የአንድ ክዳን ነው። ካልሆነ 20 ሊትር ንጹህ ናፍጣ በጀሪካን ያዝና ከሻሲው ጋር አጥብቀህ እሰር (ካቢን ውስጥ እንዳታስገባው)። የመምጠጫውን መስመር ከሳልባትዮው ፈተህ ወደ ጀሪካኑ አስገባ፣ የመመለሻውንም እዚያው ክተት፤ መመለሻውን ከረሳኸው ናፍጣው ወደ ሳልባትዮ እየተመለሰ መንገድ ላይ ያልቅብሃል። ከዚያ ጭነት ይዘህ ዳገቱን ሞክር። ጉልበቷ ከተመለሰ ጥፋቱ ሳልባትዮው ወይም እስከዚያ ያለው መስመር ነው። ካልተመለሰ ፊልትሮዎቹን፣ ከትልቁ ፖምፓ ጎን ያለችውን የመሳቢያ ፖምፓና የመመለሻውን ቫልቭ ስፕሪንግ ተመልከት። ስፕሪንጉ ሲደክም ናፍጣው ግፊት ሳይይዝ ይመለሳል፣ ምልክቱም ከተደፈነ ፊልትሮ አይለይም።

ምስራቅ_ጭነት፦
አቦ ምን ይህን ያህል ያደክማል! 10 ሊትር ቤንዚን ጨምርበት፣ ሁሉንም ይጠራርገዋል።

ፖምፓ_ቤት፦
ይህን ምክር የሚያነብ እንዳይሠራበት። የፖምፓና የኖዝል ውስጥ ማለስለሻ ናፍጣው ራሱ ነው፤ ቤንዚን ያንን ቅባት ያሳጣዋል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። ሳልባትዮው ላይ ያለው ጋዝም በቀላሉ የሚቀጣጠል ይሆናል። ላምባም ቢሆን ቅባቱ ከናፍጣ ያነሰ ነው። ደግሞ አተላውን ቤንዚን አያሟሟውም።

ከዚራ_ጥላ፦
ስለ አተላው ልጨምር። ፊልትሮው የያዘው ነገር ቀለሙና ልስላሴው ምንጩን ይናገራል፤ ቡናማና በጣት ሲታሽ የሚሻክር ዝገት ነው፣ ከበርሜል ወይም ከሳልባትዮ ይመጣል። ጥቁር ሆኖ የሚያሙለጨልጭና የሚሸት ከሆነ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ወለል ላይ የሚያድግ ባክቴሪያና ሻጋታ ነው። ውሃ ከሌለ አይኖርም። የአንተም እንዲህ ከሆነ ውሃ አለ ማለት ነው።

ለማረጋገጥ መኪናዋ ሳትነቃነቅ ሌሊቱን ትደር። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የሳልባትዮውን የታች ቡሎን ላላ አድርገህ የመጀመሪያውን አንድ ሊትር ንጹህ በሆነና ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ ተቀበል፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ውሃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ፣ በመሃል እንደ ጨርቅ ያለ ጥቁር ሽፋን ካየህ ጨርሰሃል።

ውሃው ከየት መጣ? ግማሽ ባዶ ሳልባትዮ በጅቡቲ እርጥብ ሙቀት አየር ይስባል፣ ቁልቢ ብርድ ላይ ሲያድር እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ሙቅ ናፍጣም የተሟሟ ውሃ ይይዝና ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ግን ይህ በማንኪያ የሚለካ ነው። ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ካገኘህ ጤዛን አትውቀስ፣ ተቀድቶ የገባ ነው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) ናፍጣው ላይ ላምባ መቀላቀሉን እለያለሁ ይላል። በ15 ዲግሪ የአንድ ሊትር ክብደት ለናፍጣ 0.84 ኪሎ፣ ለላምባ 0.80 አካባቢ ቢሆን፣ ከአምስት አንድ እጅ ላምባ ሲገባ ልዩነቱ 0.008 ብቻ ነው። ሙቀት በየዲግሪው 0.0007 ያህል ያወርደዋል። የድሬ 35 ዲግሪ ብቻውን 0.014 ወሰደ ማለት ነው! ቴርሞሜትር ሳትይዝ በሃይድሮሜትር ከማንም ጋር አትጣላ።

ሳልባትዮ_አጣቢ፦
እንግዲህ ሳልባትዮው ይውረድ። ናፍጣውን አውጣ፣ የመምጠጫውንና የጌጁን (የነዳጅ መጠን መለኪያውን) ክፍል ፍታ፣ ማጣሪያ ወንፊቱን እይ። ስታጥብ በ20 ሊትር ንጹህ ናፍጣ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጠህ ድፋ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረግ። በኦሞና በውሃ አጥቦ ሳያደርቅ የሚመልስ አለ፤ ሌላ ውሃ ጨመረ እንጂ አላጸዳም። ብየዳም እንዳይነካው። መስመሮቹን ከፊልትሮው ወገን ወደ ሳልባትዮ በኮምፕሬሰር ንፋ፣ ሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ። መመለሻውን ቱቦ የሚረሳው ብዙ ነው፣ እዚያ የቀረው አተላ የታጠበውን ሳልባትዮ መልሶ ያቆሽሻል።

የተደፈነን ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ነፍቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይቀደዳል፣ ከዚያ በኋላ "አይደፈንም" ብለህ ትደሰታለህ፤ የማይደፈነው ስለማያጣራ ነው።

አዲሱን ስታስገባ ላስቲኩን ንጹህ ዘይት ቀባ፤ ናፍጣ የምትሞላው ዳር ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች እንጂ በመሃሉ አይደለም፣ በመሃል የገባ ሳይጣራ ነው ወደ ፖምፓ የሚሄደው። ላስቲኩ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። የፊልትሮውን ራስ ቡሎን አላልተህ አረፋ እስኪጠፋ በእጅ ፖምፓው ግፋ፣ ቀጥሎ የትልቁን ፖምፓ። የሞተሩን ማስነሻ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙር፣ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። አረፋው ካልቆመ መምጠጫው መስመር ላይ የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ወይም ቱቦ አየር ይስባል። እዚህ ወገን ያለ ቀዳዳ አያንጠባጥብም፣ ይስባል እንጂ፣ ስለዚህ እርጥበት አትፈልግ።

ከታጠበ በኋላ የሚቀር ስለማይጠፋ ፊልትሮውን በ500 ኪሎ ሜትር ድገመው፣ ከዚያ በ2,000፣ ከዚያ በየ5,000። ሁለት ትርፍ ፊልትሮና የውሃ መለያውን ላስቲክ ካቢን ውስጥ ያዝ። የሻጋታ መግደያ መድኃኒት ካገኘህ የሚጨመረው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ባልታጠበ ሳልባትዮ ውስጥ የሞተው ሁሉ ተነቅሎ በአንድ ቀን ፊልትሮ ይዘጋል።

ኮመን_ሬል፦
አዲሶቹን (ኮመን ሬሎቹን) የምትነዱ ከዚህም የበለጠ ተጠንቀቁ። የሜካኒካሉ ኖዝል ከ200 እስከ 300 ባር ባለው ነው የሚከፍተው፣ ኮመን ሬል 1,600 ባር ይደርሳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ኢንጀክተሮቹን ሊያበላሽ ይችላል። ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት ክልክል ነው፣ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ዋናው ፊልትሮ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን የሚያጣራ ይሁን፤ ለሜካኒካል የተሠራውን ርካሽ "ይገጥማል" ብሎ የሚሸጥ ካለ ክሩ ቢገጥምም አይሆንም።

ደንገጎ_ዳገት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማደያውን ለመጠየቅ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከዚራ_ጥላ፦
ከጀሪካንም ስለምትቀዳ ከባድ ነው። ለወደፊቱ ሞልተህ ስትወጣ የቴሌብሩን ደረሰኝ ያዝ፣ ከማደያው መቅጃ ኖዝል ቀጥታ አንድ ሊትር በጠርሙስ ተቀበልና ቀንና ሰዓት ጻፍበት። ከሳልባትዮህ የወሰድከው ናሙና ብቻውን ማደያውን አይከስም። ቦቴ ነዳጁን ወደ ማደያው ሲያራግፍ ከደረስክ ደግሞ አትቅዳ፤ የማደያው ታንክ ስር ያለው ደለል የሚነሳው ያኔ ነው፣ ጥቂት ሰዓት ይረፍ።