የባዮፕሲ ውጤት እስኪመጣ እንዴት ነው የሚጠበቀው?

እንቅልፍ_አልባ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከጡቴ ላይ ናሙና ተወስዶ "ውጤቱ በ10 ቀን ይደርሳል" ተባልኩ። ዛሬ 4ኛ ቀኔ ነው። እብጠቷን ያገኘኋት ራሴ ነኝ፣ ገላዬን ስታጠብ። የአተር ፍሬ ታክላለች፣ ስነካት ትንሸራተታለች። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን አይቶ "የሚያሰጋ አይመስለኝም፣ ግን እናረጋግጥ" አለኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዤ የወጣሁት "ግን" የሚለውን ብቻ ነው።

ቀን ሥራ ላይ እንደምንም እውላለሁ። ጉዱ ማታ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ፍለጋ እገባለሁ፣ አንዱን አንብቤ እረጋጋለሁ፣ ቀጣዩን ሳነብ ኑዛዜ መጻፍ ይዳዳኛል። እብጠቷንም በቀን ሃያ ጊዜ ስለምነካካት ቦታው ራሱ መታመም ጀምሯል፣ ከዚያ ደግሞ "ይኸው አመመኝ" ብዬ ሌላ ጭንቀት። ስልክ በጠራ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል። ትናንት የደወለው ሰውዬ ቁጥር ተሳስቶ ነበር፣ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ባለቤቴ "ምንም አይደለም፣ አታስቢ" ይለኛል። እንዴት ነው የማይታሰበው? ያለፋችሁበት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ፣ ቀኑን በምን ገፋችሁት?

ስላይድ_ቆራጭ፦

አይዞሽ እህቴ። እኔ የምሠራው ናሙናው የሚሄድበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ጭንቀቱን ለሌሎች ትቼ ስለ 10 ቀኑ ልንገርሽ። ሰው ውጤት ሲዘገይበት "የሆነ ነገር አግኝተው ነው" ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን አሰልቺ ነው። ናሙናሽ መጀመሪያ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፣ የጡት ናሙና ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ በውስጡ ያለው ውኃ በአልኮል ይወጣና በምትኩ የቀለጠ ሰም ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ብሎክ ይሆናል። እኔ የምቆርጠው እሱን ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት 4 ማይክሮን ገደማ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለ250 ሲከፈል በይው። ከመሳሳቱ የተነሳ ትንፋሽ ይወስደዋል፣ እኔ ስቆርጥ ሰው በር በኃይል ከከፈተ እቆጣለሁ። ለብ ያለ ውኃ ላይ እናንሳፍፈውና በመስታወት እናነሳዋለን፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይገባበታል፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንዳንዴ ፓቶሎጂስቱ ተጨማሪ ቀለም ያዛል፣ ያም ቀናት ይጨምራል። ይህ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፣ "የለም" ብሎ ለመጻፍም ይታዘዛል። ባለሙያው ፈቃድ ወጥቶ፣ ማሽን ተበላሽቶ የዘገየ ውጤት ስንቱን አይቻለሁ። ቶሎ መጣ ማለትም ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር። ከቀኑ ብዛት ምንም ማንበብ አይቻልም።

ደግሞ እባክሽ አትነካኪያት። መርፌ የገባበት ቦታ መበለዙም ማመሙም ያለ ነው።

ሁለቴ_የጠበቀ፦

ባለቤትሽ ክፋት የለውም፣ ግን "አታስቢ" የትም አያደርስም። ዳንኤል ዌግነር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ ሰዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገራቸው፣ ካሰቡ ደግሞ ደወል እንዲመቱ። ደወሉ አላረፈም። ስለ ነጭ ድብ ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች እኮ ናቸው፣ አንቺ ደግሞ የራስሽ ጡት ነው።

እኔን ያዋጣኝ ሐሳቡን መከልከል ሳይሆን ቀጠሮ መስጠት ነው። የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባለሙያዎች የሚመክሩት ነው። በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ያው ቦታ፣ 30 ደቂቃ። የኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር፣ መስኮቱ ጋ ያለች አንድ እግሯ የሚንገዳገድ ወንበር ላይ። አልጋ ላይ በፍጹም አይሆንም። ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣ አላባርረውም፣ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጫር አደርግና "ማታ እንገናኝ" እለዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን 4 ገጽ ሞላሁ። በ6ኛው ቀን ያው ሦስት ዓረፍተ ነገር እየተመላለሰ መጣ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቸኝ። ጭንቀቱ አልጠፋም፣ ግን ጭንቀት ሰልችቶኝ አያውቅም ነበር።

ስልክሽን ማታ ሌላ ክፍል አሳድሪው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚነበብ ነገር ሁሉ ሞት ሞት ይሸታል።

ደዋይ_ነኝ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ነገ ጠዋት ደውለሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ውጤቱን ማን ነው የሚነግረኝ? በስልክ ነው በአካል? እስከ መቼ ካልሰማሁ ልደውል? መልሱን ጽፈሽ ያዢ። "ካልደወሉ ደህና ነው" የሚባለውን አትመኚ። የኔ ውጤት ደርሶ 2 ሳምንት ሙሉ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር፣ እነሱ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እነሱን። "ነይና እናውራ" ካሉሽም ያኔውኑ አትደንግጪ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም በአካል ብቻ የሚናገሩ አሉ።

ያወቀችው፦

ልጻፍ ልተወው ስል ቆየሁ። የኔ ውጤት ካንሰር ነበር። ላስፈራሽ አይደለም፣ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፣ የሚንሸራተተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ጉዳት የሌለው ነገር ሆኖ ይገኛል። ግን ሁሉም ሰው "ምንም አይሆንም" ሲለኝ፣ "ከሆነስ?" የምትለዋን ጥያቄ ይዤ ብቻዬን ነበር የቀረሁት። ስለዚህ ከሆነስ የሚለውን ልመልስልሽ። ውጤቱን በሰማሁበት ማታ ከ12 ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይገርማል አይደል? አለቀስኩ፣ ከዚያ ተኛሁ። በማግስቱ ቀጠሮ ነበረኝ፣ የሚጠየቅ ጥያቄ ነበረኝ፣ የሚሠራ ነገር ነበር።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን የኮምፒውተር ጨዋታ አጫወቷቸው፣ ድንጋይ ይገለበጣል፣ ከሥሩ እባብ ከወጣ እጃቸውን የሚያም ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ከሁሉ ይበልጥ የተጨነቁት እንደሚነዝራቸው በእርግጠኝነት ሲያውቁ አልነበረም፣ ዕድሉ እኩል በእኩል ሲሆን ነው። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ ጋ ነው። ከዚህ የባሰ ጭንቀት እየመጣብሽ ነው ብለሽ እንዳታስቢ።

እኔ ሹራብ መሥራት ጀምሬ ነበር። ቲቪ አልሆነልኝም፣ ዓይኔ ያያል ሐሳቤ ይሄዳል። ሹራብ ግን ዙሩን ካልቆጠርሽ ይበላሻል። አንዱ እጅጌ ከሌላው በአራት ጣት ረዝሞ ወጣ፣ አሁንም እለብሰዋለሁ። ሌላው፣ ለውጤት ብቻሽን እንዳትሄጂ። ሐኪሙ ካወራው ግማሹን የሰማችው እህቴ ናት፣ እኔ የሸሚዙን ቁልፍ ነበር የማየው። ደግሞ ጭራሽ መብላትና መተኛት ካቃተሽ ይህንንም ለሐኪም ንገሪ፣ እሱም ሕመም ነው፣ ይታከማል።

እንቅልፍ_አልባ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። @ያወቀችው፣ ስላልተውሽው በተለይ አንቺን። ሦስቴ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩለትና ዝም አለ፣ ከዚያ "ለካ እኔም ፈርቼ ነው" አለኝ። 4 ቀን ሙሉ ለየብቻ ስንፈራ ነው የከረምነው።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አልተቆጣችም። እስከ ሐሙስ ካልሰማሁ ዓርብ 3 ሰዓት ላይ ልደውል ተባብለናል፣ ስሟንም ጽፌ ይዣለሁ። እብጠቷን ዛሬ ሁለቴ ብቻ ነካኋት፣ @ስላይድ_ቆራጭ ይቅርታ። ስልኬ ሳሎን ሊያድር ነው።

የሚንገዳገድ ወንበር የለኝም፣ ደረጃው ላይ ልቀመጥ ነው። 1 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ቀርቶታል፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።