ለሴሌኒየም ጥናት የጋራ ፕሮፖዛል፦ የዘረመል ክፍሉ እንዴት ይግባ?

የዝግጅት አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በአማራ ክልል ለማካሄድ ያሰብነው የሴሌኒየም (ሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልገው ማዕድን) ጥናት ረቂቅ የአፈርንና የእህልን ልዩነት በበቂ ሁኔታ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የኢትዮጵያና የማላዊ ጥናት በእህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ ስላሳየ፣ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለንም። የቀረን የዘረመሉ ክፍል ነው።

የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ፦
በደም ውስጥ ያለው ሴሌኒየም አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ የምግብ እጥረት ብቻ እንደሆነ የሚያስመስለው አንቀጽ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ሰውነታችን ሴሌኒየምን በዋናነት የሚጠቀምበት ሴሌኖሲስቴይን በተባለ አሚኖ አሲድ መልክ 25 በሚሆኑ ጂኖች በሚመሩ ፕሮቲኖች ውስጥ በማስገባት ነው፤ ይህን የሚያዝዘው ዩጂኤ የተባለው ኮድ ግን በአብዛኛው ፕሮቲን መሥራቱ እንዲያበቃ የሚያዝዝ ምልክት ስለሆነ፣ በተለየ መንገድ እንዲነበብ ኤስቢፒ2ን የመሰሉ ረዳት ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የሳዑዲ ዓረቢያ በደዊን ቤተሰብ ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ጂን ሚውቴሽን (ለውጥ) የተገኘባቸው ልጆች በደማቸው ያለው ሴሌኒየም አነስተኛ፣ ቲ4 የተባለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞናቸው ከፍ፣ ከእሱ የሚገኘው ቲ3 ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቲ4ን ወደ ቲ3 የሚለውጡት ኢንዛይሞች ራሳቸው ሴሌኒየም ያዘሉ ናቸውና። ሴሌኒየም ሲሰጣቸው በደማቸው ያለው መጠን ቢጨምርም የሆርሞኑ መዛባት አልተስተካከለም።

የሕፃናት ሐኪም፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ሆኖም ችግሩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ስለሆነ የሁሉንም ተሳታፊ ጂን መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። ሴሌኒየማቸው አነስተኛ የሆኑትን ብቻ ለይተን ቲ4፣ ቲ3 እና ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን) እንለካ፤ እጥረቱ ከታከመ በኋላም መዛባቱ የቀጠለባቸው ብቻ፣ ከቤተሰባቸው ፈቃድ ጋር፣ ወደ ዘረመል ምርመራ ይለፉ። ሴሌኒየም ካዘሉት ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው የሴሌኖፕሮቲን ኤን ጂን ሚውቴሽን የሚያስከትለው የጡንቻ ድክመትና የአከርካሪ ግትርነት የነርቭ ሐኪሞች ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጋር ባይደባለቅ እመርጣለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨመር። በቀድሞዋ ዛየር (በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) አዮዲን በጎደላቸው ሰዎች ላይ ሴሌኒየም ብቻውን ሲሰጥ የታይሮይድ እጢያቸው ሥራ ይበልጥ ተዳክሞ ነበር። እንቅርት ባለባቸው አካባቢዎች የምንሠራ ከሆነ የአዮዲን ልኬትና፣ ካስፈለገ፣ አዮዲን መስጠት ከሴሌኒየሙ መቅደም አለባቸው፤ ይህ ካልተጻፈ ፊርማዬን አላኖርም።

የዝግጅት አስተባባሪ፦
ተገቢ ነው። የአዮዲኑ ቅድመ ሁኔታ ከሴሌኒየም አሰጣጡ በፊት ባለው አንቀጽ ይገባል፤ የዘረመል ምርመራውም በሕፃናት ሐኪሟ በቀረበው ቅደም ተከተል ይጻፋል። የፈቃድ ቅጹን ረቂቅ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው እንዲያዘጋጁልን እጠይቃለሁ።