«14 ሰዓት ብቻ»

ሲስተር ሐና፦ ትናንት ስለ ኤሌክትሮ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ ሰክቶ ቀላል ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፈው ሕክምና፣ ስናወራ ዮናስ «ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ አንጀት የሚነቃበትን ጊዜ የሚያሳጥረው 14 ሰዓት ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ወሬ?» አለ። በጣም ነው ያናደደኝ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ ሰርጀሪ የሚባል የቀዶ ጥገና መጽሔት ላይ ከወጣው የቻይና ጥናት ነው። 248 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ናቸው። ትክክለኛው መርፌ የተሰካላቸው በ76.4 ሰዓት ሰገራ ወጡ። ለይስሙላ የተሰካላቸው ደግሞ በ90። እሺ፣ 14 ይባል። «ብቻ»ን ከየት አመጣኸው? ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ገብቶ፣ «ትንሽ ውሃ» እያለ የሚለምን ሰው አጠገብ አድረህ ታውቃለህ? እኔ በእርጥብ ፋሻ ከንፈሩን እያረጠብኩ አድሬያለሁ።

ዮናስ፦ ሲስተር፣ አክብሬሽ ነው የምመልሰው። ታማሚ አልናቅኩም። ግን እነዚያ የቻይናው ጥናት ታማሚዎች እኮ ቶሎ ከአልጋ ይነሳሉ፣ ቶሎ ምግብ ይቀምሳሉ፣ አንጀት የሚያስተኛው እንደ ሞርፊን ያለው ማስታገሻም ይቀነስላቸዋል። እኛ ጋ ገና ይሄ አልተሟላም። ታማሚው ሊነሳ ሲል አስታማሚው «ስፌቱ ይፈታል፣ ተኛ» ይላል። መጀመሪያ ይራመድ። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ በ90 ሰው ላይ የተሠራው ጥናት ምንም ልዩነት አላገኘም። እሱን ለምን ዘለልሽው?

ሲስተር ሐና፦ አንተስ የዘለልከው? እዚያው የ2023ቱ ጥናት ላይ አንጀታቸው ለረጅም ጊዜ ተኝቶ የቀረባቸው ለይስሙላ ከተሰካላቸው 123 ሰዎች 25 ነበሩ። ትክክለኛው መርፌ ከተሰካላቸው 125 ግን 13። በግማሽ ማለት ነው። እሱም «ብቻ» ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ጄምስ ሬስተን የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ውስጥ ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል።

ሰላም ከአቃቂ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ወሬ ሲዞር የኖረ ስህተት ነው። ትርፍ አንጀቱ ሲወጣ ማደንዘዣ ተወግቷል። መርፌው የመጣው በኋላ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሌሊቱ ሲከብደው ነው። ክርኑ ላይና ከጉልበቱ በታች ሰኩለት። ራሱ ነው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የጻፈው።

ጋሽ ታደሰ፦ እና የምታወሩት ስለ ሆድ መነፋት አይደለም እንዴ? ተሻለው አልተሻለውም?

ሰላም ከአቃቂ፦ ተሻለው። ግን ጋዝ ያለ መርፌም ቀኑን ጠብቆ ይወጣል ጋሼ። በአንድ ሰው ምን ይታወቃል? እዚህ ሰፈራችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ቻይናዎቹ ሐኪሞች መርፌ ይሰካሉ፣ ሰው ለወገቡ ብሎ ይሄዳል። ለአንጀት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ዮናስ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ሲስተር ሐና፦ ይሄንኑ አይደለም ያልከው! «ብቻ» ነው ያልከው። ሆንግ ኮንግ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ጥናትስ አየኸው? 165 ሰው ነው። መርፌ ያገኙት በ86 ሰዓት ገደማ ሰገራ ወጡ፣ ምንም ያልተሰካላቸው በ122። ይሄ ቀን ተኩል ነው።

ዮናስ፦ ምንም ካልተሰካለት ጋር ስታወዳድሪማ ይሰፋል። «ታክሜያለሁ» ብሎ ማመኑ ራሱ አንድ ነገር ነው። ለዚያ እኮ ነው የይስሙላው መርፌ ያስፈለገው። ለማንኛውም የእኔ ነጥብ አንድ ነው፣ ታማሚው ይራመድ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሲስተር ሐና፦ አይጠይቅም? ማታ ለ30 ታማሚ ሁለት ነርስ ሆነን እናድራለን። ግሉኮስ የተንጠለጠለበት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የገባለት ሰው ብቻውን አይነሳም። አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ ግሉኮሱን ይይዛል። ሌሎቹን 29 ማን ይያቸው?

ዮናስ፦ ይሄ ያሳዝናል፣ ከልቤ ነው። ግን ለማራመድ እጅ ከሌለ በየቀኑ መርፌውን ማን ሊሰካ ነው?

ሲስተር ሐና፦ እሱን ነገ እንከራከራለን፣ አሁን ተረኛ ነኝ። «ብቻ»ን ግን እስካሁን አላነሳህም።