«መልእክቱን ይሽራል» ወይስ «ይፈታል»?

ዘቢቸና፦ ሰሌዳ ላይ «ፒቲፒ1ቢ የተባለው ፎስፋቴዝ የኢንሱሊንን መልእክት ይሽራል» ብዬ ጻፍኩ፤ ፎስፋቴዝ ማለት ፎስፌት የተባለውን ቅንጣት ከፕሮቲን ላይ የሚያነሣ ኢንዛይም ነው። አንዲት ተማሪ «ቁስሉ ሻረ እንደምንለው? እንግዲያው የስኳር በሽታን ያድናል ማለት ነው?» አለችኝ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የዚህ ኢንዛይም ሥራ ሲበረታ የኢንሱሊን ትእዛዝ ይዳከማል። ምን ብዬ ልጻፍላት?

ዘዋሸራ፦ ተማሪዋ አስተዋይ ናት። በግእዝ «ሰዐረ» ሻረ፣ አፈረሰ ነው። ሰንበትን ሻረ የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ቁስል ሲሽር ደግሞ ሕመሙ ተሻረ ማለት ነው። ለእኔ «ይፈታል» ይበልጣል። «ፈትሐ» ፈታም ፈረደም ነው፤ ፍትሕ ከዚያው ይወጣል። ፎስፌት የሚለጥፈው ኢንዛይም ካይኔዝ ያስራል፣ ፎስፋቴዝ ይፈታል።

የላብራቶሪ ሰው፣ ባሕር ዳር፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍርድ እዚህ የለም። ኢንሱሊን ሲይዘው በሕዋሱ ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ራሱ ታይሮሲን በተባሉት አሚኖ አሲዶቹ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ስኳር ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚያዘው መልእክት ከዚያ ይነሣል። ፒቲፒ1ቢ ይደርስና በራሱ 215ኛ ቦታ ላይ ባለው ሲስቴይን በተባለ አሚኖ አሲድ ፎስፌቱን ከታይሮሲኑ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ውሃ ገብቶ ከሲስቴይኑ ያላቅቀዋል። ተቀባዩ አይፈርስም። ስለዚህ «ይነቅላል» ይበቃል።

ዘደብረ ማርቆስ፦ የተነቀለ ነገር ተመልሶ አይቆምም! ይህ ሹም ሽር ነው። የተሻረ ይሾማል፣ የተሾመ ይሻራል፤ ወንበሩ ግን አለ። «ይሽራል» ትክክል ነው።

ዘዋሸራ፦ ሹመት ከላይ ይመጣል፣ ወንድሜ። እዚህ ግን ተቀባዩ ፎስፌቱን ራሱ ለጠፈ ተብሏል። ራሱን የሾመ በእኛ አገር ሹም አይባልም፤ ሽፍታ ይባላል። እኔ ቅኔ የቆጠርኩት በዋሸራ ነው፤ የቃል ሚዛን አይጠፋኝም።

የላብራቶሪ ሰው፣ ባሕር ዳር፦ ለተማሪዋ የሚጠቅማት ይህ ነው፦ ፒቲፒ1ቢ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ኢንሱሊን በርትቶላቸዋል፤ ስብ የበዛበት ምግብ ተሰጥቷቸውም እንደ ሌሎቹ አልወፈሩም። ይህ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ። ኢንዛይሙን ራሱን ኒኮላስ ቶንክስና ኤድመንድ ፊሸር ከባልደረባቸው ጋር ያነጠሩት ከሰው እንግዴ ልጅ ነው፤ ያም በ1988 ወጣ።

ዘደብረ ማርቆስ፦ ከእንግዴ ልጅ? «እንግዴ» እኮ ከ«እንግዳ» ነው፤ ከልጁ ጋር መጥቶ የሚሄድ።

ዘዋሸራ፦ «ዳ» የሚለው ፊደል ወዴት ሄደ? ድምፁ ስለተቀራረበ ብቻ ሥር አይሆንም። መጀመሪያ ግሱን ያምጡና እንነጋገር።