እናቴ ኬሞ ላይ ናት፣ ሩዝ ሰለቻት

ከጅማ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ የአንጀት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ከሦስተኛው ኬሞ ወዲህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያስቀምጣታል። ሐኪሟ ማስታገሻ አዘዘላት፤ ኦአርኤስም (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ እየበጠበጥን እንሰጣታለን። በርበሬና ወተት አቆምን። ሩዝ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ስትበላ ይሻላታል።

እሑድ ግን «እንጀራ ካልበላሁ በላሁ አልልም» ብላ በሽሮ ሁለት ጉርሻ ወሰደች። ሌሊቱን ስትመላለስ አደረች። ቡናውንማ ጅማ ተቀምጦ ማን ያስተዋት! ጎረቤት ሲቆላ ሽታው ይጠራታል።

አሁን የሩዙን ሳህን ገፋ አድርጋ ወደ ግድግዳ ትዞራለች። ከ61 ኪሎ 57 ገብታለች። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመማችሁ፣ ከእንጀራ ጣዕም የማይርቅ፣ ሆዷንም የማይረብሽ ምን ሠርታችሁ አበላችሁ?