ነጎድጓዱ በርትቷል፤ ልጆቹን ይዤ ወደ ፎገራ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

የዓባይ ማዶ
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ለፍልሰታ ፍቺ ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ ልሄድ አስቤያለሁ። ቤቷ ከወረታ ወረድ ብሎ በጣና በኩል፣ ፎገራ ሜዳው ላይ ነው። ትንበያው ግን ለሜዳውም ለተራራው ግርጌም «ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል» ይላል። «ይችላል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ደግሞ ግራ የገባኝ ነገር አለ። እዚህ ቀኑን ፀሐይ ሆኖ ይውልና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም ዶፉ ይወርዳል፣ መብረቁ ጣና ላይ ሲብለጨለጭ ልጆቹ ተነስተው እኔ አልጋ ላይ ይመጣሉ። እናቴ ጋ ስደውል ደግሞ እነሱ ጋ የሚዘንበው ከሰዓት ነው። ጎረቤቴ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ አይዞሽ ሂጂ» አለችኝ። ስንት ሰዓት ብነሳ ይሻላል? ወይስ ይቅርብኝ?

ደመና ቆጣሪ
እህቴ፣ ያየሽው ልክ ነው፣ ምክንያትም አለው። ቀን ላይ የብሱ ከጣና ቀድሞ ይሞቃል። ስለዚህ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል፣ እርጥበቱን ይዞ ወደ ጉና ተራራ በኩል ይወጣል፣ እዚያ ዳገት ሲገጥመው ወደ ላይ ይነሳና ከ8 እና 9 ሰዓት ጀምሮ ደመናው ይቆለላል። ሌሊት ይገለበጣል። የተራራው ብርድ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሐይቁ ውሃ ግን ገና ሙቀቱን እንደያዘ ነው፣ እና ቀዝቃዛው አየር ከየአቅጣጫው ጣና ላይ ሲገናኝ ሞቃቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባሕር ዳር ደቡብ ዳርቻው ላይ ስላለች የሌሊቱ ዶፍ ይደርሳታል።

«ይችላል» ማለት እርጥበቱም፣ ሙቀቱም፣ አየሩን የሚያነሳውም ነገር ተሟልቷል ማለት ነው። ደመናው የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚፈነዳ ግን ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንዱ መንደር ዶፍ ሲወርድበት ጎረቤቱ ካፊያ ብቻ ያገኛል። «ከባድ ዝናብ» የሚሉት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲጥል ነው። 30 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፣ ግን በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 300 ሜትር ኪዩብ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ከዋለ መሬቱ ይችለዋል። በአንድ ሰዓት ከወረደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከወረታ
እኔ እዚሁ ሜዳው ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የራሱን ሰማይ ብቻ ስለሚያይ ነው። ሜዳውን አቋርጠው ጣና የሚገቡት ወንዞች፣ ጉማራም ርብም፣ የሚነሱት ከጉና ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,800 ገደማ። ውሃው ያን ሁሉ ቁልቁለት ተንደርድሮ ይመጣና ሜዳው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፣ ደለሉን እዚያው ይጥላል፣ ወንዙ ከዳርቻው ይወጣል። ጉና አሸንዳ ነው፣ እኛ ከስሩ ያለን ሳፋ ነን። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ቤት ውሃ ሊገባ ይችላል!

ስለ ቡሄ ጎረቤትሽን በትሕትና አልስማማም በያት። ሰኔ ላይ ዋልካው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ይውጠዋል። ነሐሴ ላይ ስንጥቁ ተዘግቷል፣ ሩዙ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጣናም እስከ መስከረም እየሞላ ስለሚሄድ ወንዙን እንደ ልብ አይቀበልም። ለዚህ ነው የኛ ሙላት መጨረሻ ላይ የሚብሰው። የ1998ቱ ጎርፍም የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ስንት ቤተሰብ እንደተፈናቀለ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል።

አስፋልቱ እስከ ወረታ ችግር የለውም። የሚያስፈራኝ ከወረታ ወደ ታች ያለው የጭቃ መንገድ ነው። ጠዋት ተነሺ፣ ከ6 ሰዓት በፊት እናትሽ ቤት ግቢ። ከመነሳትሽ በፊት ግን ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ጉና አጠገብ ደብረ ታቦር በኩል ዘመድ ካለሽ ለእነሱም ደውዪ፣ ማታ ዘንቦ እንደሆነ ጠይቂ። ዘንቦ ከሆነ አንድ ቀን ቆዪ።

ጀልባ ነጂ
መብረቁን ረሳችሁት። ሜዳው ላይ ከሰው የሚረዝም ነገር እምብዛም የለም፣ ሐይቁ ላይም እንደዚያው። ልጆቹ ዝናብ ሲመጣ ወደ ብቸኛዋ ዛፍ እንዳይሮጡ ንገሪያቸው። ዛፍ ስር የተጠለሉ ከብቶች አንድ ላይ የሚሞቱት ኤሌክትሪኩ በመሬት ውስጥ ስለሚሰራጭ ነው፣ በፊትና በኋላ እግራቸው መካከል ያልፋል። ብልጭታውን ካየሽ በኋላ ቁጠሪ፣ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሪ ካጓራ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ፣ ካበቃም በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። እኔ ከሰዓት ምሥራቁ ከጠቆረ ሰው አልጭንም፣ ገንዘቡ ይቅር።

የዓባይ ማዶ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደብረ ታቦር አክስቴ አለች፣ ማታ እደውልላታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ እናቴ ጋ ሳለን ውሃ ቢመጣስ?

ከወረታ
ወንዙ ድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ አትጠብቂ፣ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ወረታ በኩል ከፍ ወዳለው ቦታ ውጡ። እህሉም ዕቃውም ይቅር። የሚወርድ ውሃ ጉልበት ድረስ ባይደርስም ልጅ ይጥላል፣ ልሻገር እንዳትዪ። የእናትሽን መንደር በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስገባ አጣርቼ ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ።