ታኮማ ፓርክ ቤት ልንገዛ ነው፣ ምን እናጣራ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ውስጥ፣ ከሜትሮው በእግር የሚደረስ የ1920ዎቹ ቤት ዓይናችን ገብቷል። ኦፈር ከማስገባታችን በፊት ምን እንይ? ጓሮ ያለውን ትልቅ የኦክ ዛፍ አስቆርጠን ክፍል መጨመርም እናስባለን።

መልስ 1፦
የኦኩን ሐሳብ ለጊዜው እርሱት። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ ዙሪያው 24 ኢንች የሞላ ዛፍ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። ሥሩ አጠገብ መሠረት መቆፈርም ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ኮንትራክተሩ «ችግር የለውም» ቢላችሁ አትስሙት። ቤቱ ታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ለውጭ ገጽታው ሥራ የካውንቲው ቅርስ ኮሚሽን ፈቃድ ይጨመራል።

መልስ 2፦
በሻጩ የታክስ ቢል ወርሃዊ ክፍያችሁን አታስሉ። የሆምስቴድ ቅናሹ (ቤቱ ውስጥ ለሚኖር ባለቤት ታክስ የሚሰላበት ግምት በየዓመቱ ብዙ እንዳይጨምር የሚገድበው) ቤቱ ሲሸጥ ስለሚቀር፣ የእናንተ ቢል በሙሉ ግምቱ ይወጣል። ከካውንቲው በላይ የከተማው ታክስም አለ። ቅናሹን በስማችሁ እንደገና አመልክቱ። የሜትሮ ጣቢያው ያለበት ታኮማ ግን ዲሲ ነው፤ ሕጉም ታክሱም ሌላ።

 

መልስ 3፦
ተራው ኢንስፔክሽን የፍሳሽ መስመሩን ውስጥ አያይም፤ ለብቻው በካሜራ አሳዩት። በዚያ ዘመን ቤቶች ቱቦው ብዙ ጊዜ የሸክላ ነው፣ የዛፍ ሥር በመጋጠሚያው ይገባና ይዘጋዋል። ጣሪያ ሥር በሸክላ መያዣ የተወጠረ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ኦፈር ሳታስገቡ ኢንሹራንሱን ጠይቁ፤ አንሸፍንም የሚሉ አሉ። የራዶን (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ ጨረራማ ጋዝ) ምርመራውንም ውጤት ተቀበሉ፣ በሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወጫ ሻጩ እንዲያስገባ ተደራደሩ።